የዛፉ ስም ተጽፏል፤ የአጠጪውስ?

ሥዕል አይጠማውም። ሐውልትም አይጠማውም። በሩ ተቆልፎበት፣ መብራቱ ጠፍቶበት፣ ዘበኛው ደጃፍ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቢያድር ነገም ያው ሥዕል፣ ያው ሐውልት ነው። ዛፍ ለሕዝብ እይታ ሲቀርብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተመልካቹ «እንዴት ያምራል!» ብሎ በሚያልፍባት በዚያች ደቂቃ እንኳ ቅጠሉ ውኃ ያጣል፣ ሥሩም ውኃ ይፈልጋል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ላነሳ ያሰብኩት ለእይታ የቀረቡ ዛፎችን ታሪክ ነው፤ ይበልጡን ግን እነዚያን ዛፎች ያጠጡ የነበሩትን፣ ስማቸው በየትኛውም ዝርዝር ያልሰፈረውን ሰዎች ታሪክ። መነሻዬ ጃፓን፣ መድረሻዬ አሶሳ ነው። መንገዱ ሩቅ የሚመስለው አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ፤ በመካከሉ ቻይናም፣ ግብፅም፣ ፓሪስም አሉ።

ጃፓኖች «ቦንሳይ» የሚሉት በአጭሩ በገበታ ላይ የተተከለ ዛፍ ማለት ነው። ዘሩ ድንክ አይደለም፤ በዱር ቢቀር ከቤት ጣሪያ በላይ የሚወጣው ያው የጥድ ወገን ነው። ጥልቀቱ ከጥቂት ጣት በማይበልጥ ዕቃ ውስጥ ተተክሎ፣ ሥሩ እየተገረዘ፣ ቅርንጫፉም በሽቦ እየተቃና ለአሥርም ለመቶም ዓመት ይኖራል። የዱር ዛፍ ውኃ ሲያጣ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። የገበታው ዛፍ ግን ወዴት ይስደድ? ከሥሩ በታች ያለው ሸክላ ነው፤ ከሸክላው በታች ደግሞ ጠረጴዛ። ስለዚህ ነፍሱ በሰው እጅ ናት። ፀሐይ በሚበረታበት ወራት በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ የሚፈልግ አለ። ውኃ ቢበዛበትም ይሞታል፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ጃፓኖች «ውኃ ማጠጣት ሦስት ዓመት» የሚሉት ለዚህ ነው። መግረዙና ማቃናቱ ሳይቆጠር ማጠጣትን ብቻ ለመልመድ ሦስት ዓመት ይፈጃል ማለታቸው ነው።

ዛፉ ከደጅ ወደ ትርኢት አዳራሽ ሲገባ ችግሩ ይከፋል። አዳራሹ ጤዛ የለው፣ ነፋሱ የታፈነ ነው። መብራቱ ይሞቃል፤ ማራገቢያ ካለ ደግሞ አፈሩን ያደርቃል። ዛፉ የሚቀመጥበት የእንጨት መደብ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ፣ አንዳንዴም ከዛፉ ባላነሰ ዋጋ የተገዛ ስለሆነ ውኃ እንዲንጠባጠብበት አይፈለግም። ስለዚህ ባለሙያው በሩ ከመከፈቱ በፊት ማልዶ ይመጣል። ዛፉን ከነገበታው አንሥቶ ወደ ውጪ ያወጣል፤ ከሥር ባሉት ቀዳዳዎች ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ያጠጣዋል፤ እስኪንጠፈጠፍ ይጠብቃል፤ ገበታውን ወልውሎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ለማማር ሲባል በአፈሩ ላይ የሚነጠፈው ሽበት መሰል አረንጓዴ ልብስም ያታልላል፤ ላዩ እርጥብ ሆኖ ውስጡ ደርቆ ይገኛል። በዚህ የተነሣ ልምድ ያለው ሰው ዓይኑን አያምንም። ወይ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ይሰዳል፣ ወይ ገበታውን ብድግ አድርጎ በክብደቱ ይለካል። በቅጠሉ ላይ ውኃ መርጨት ለፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር ሥሩን አያጠግበውም። ደግሞም በደጅ የለመደ ዛፍ ከጣሪያ ሥር ብዙ ቀን አይከርምም፤ ጥቂት ቀን ታይቶ በሌላ ይተካል። ተመልካቹ አራት ሰዓት ላይ ሲገባ ይህ ሁሉ ድካም አልፏል፤ ዛፉ ራሱን በራሱ ያስዋበ ይመስለዋል።

የሚገርመው፣ የዚህ ጥበብ ጥንታዊ ሥዕል ዛፉን ብቻ አላሳየንም። ቦንሳይ ከቻይና ወደ ጃፓን የተሻገረ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ706 በተሠራው የቻይናው ልዑል የዣንግኋይ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ትንንሽ ተክሎችና ድንጋዮች የተደረደሩበት ገበታ በእጁ የያዘ አገልጋይ ተሥሎ ይታያል። መቃብሩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተቆፍሮ ሲወጣ የዘርፉ ሊቃውንት ሁሉ ዓይናቸውን በገበታው ላይ ጣሉ። እኔን የሚስበኝ ተሸካሚው ነው። የልዑሉ ስም አለ፤ የገበታው ስም አለ፤ የተሸካሚው ስም የለም።

ከዚያ በፊትም ዛፍን ከነሥሩ ነቅሎ፣ በሕይወት አጓጉዞ ለሕዝብ ማሳየት የነገሥታት ክብር ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ምእተ ዓመት ግብፅን የገዛችው ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት አገር መርከቦች ላከች። የዘመቻው ታሪክ በዴር ኤል ባሕሪ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይነበባል። በሥዕሉ ላይ ወንዶች የዕጣን ወይም የከርቤ ዛፎችን፣ ሥራቸው ከነአፈሩ በቅርጫት ውስጥ እንዳለ፣ በመሎጊያ አንጠልጥለው ወደ መርከብ ሲያስገቡ ይታያሉ። ጽሑፉ የዛፎቹን ቁጥር ሳይቀር ይነግረናል፤ 31። ፑንት የት ነበር? ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል፤ ኤርትራን፣ ኢትዮጵያን፣ ሱዳንንና ሶማሊያን ሳይጠቅስ የሚያልፍ ግን የለም ማለት ይቻላል። እስቲ አንባቢ ያስብ፤ ቀይ ባሕር ላይ ጨው እንጂ የሚጠጣ ውኃ የለም። ከባሕሩ እስከ ዓባይ ያለው ደግሞ በረሃ ነው። ከ31ዱ ዛፎች አንዱም ለንግሥቲቱ ዓይን የበቃው፣ ከራሱ የመጠጥ ውኃ ለሥሩ ያካፈለ ሰው ስለነበረ ነው። ግድግዳው ስለዚያ ሰው አንድ ቃል አይናገርም።

ዕጣን ሲነሣ ወደ እኛ ወደ ቤኒሻንጉል መድረሳችን ነው። በክልሉ ቆላማ ቦታዎች የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ በሳይንስ «ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ» ይባላል። ሁለተኛው ቃል «ወረቀት የሚያወጣ» ማለት ነው፤ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ ስለሚነሣ። ስሙ እንዴት እንደተገኘ ያየ ሰው ይገረማል። እ.ኤ.አ. ከ1821 እስከ 1822 ፍሬደሪክ ካዮ የተባለ ፈረንሳዊ፣ ወርቅ ፍለጋ ከዘመተው ከመሐመድ ዓሊ ልጅ ከእስማኤል ፓሻ ጦር ጋር ዓባይን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ ፋዞግሊን አልፎ እስከ ቤኒሻንጉል ደረሰ። ጦሩ ወርቅ ሲፈልግ ካዮ ዕፀዋትን ሰበሰበ። የሰበሰባቸውን ደሊል የተባለው የዕፀዋት ሊቅ መርምሮ በ1826 በመጽሐፍ አወጣቸው፤ የዚህ የዕጣን ዛፍ ስም ዛሬም ከሁለቱ ሰዎች ስም ጋር ተያይዞ ይጻፋል። ልዩነቱን ልብ ይበሉልኝ። የፑንት ዛፎች ግብፅ የገቡት በሕይወት ነው፤ የካዮ ዕፀዋት ፓሪስ የገቡት በወረቀት መካከል ተጨፍልቀው፣ ደርቀው ነው። የደረቀ ቅጠል ውኃ አይጠይቅም፤ ለሙዚየም ይመቻል። በሕይወት ያለውን ይዞ መዝለቅ ነው ጭንቁ።

ይህ ጭንቅ አውሮፓውያንን ብዙ ጊዜ አስቸግሯቸዋል። የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1829 የታሸገ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተክል ራሱ በተነፈሰው እርጥበት መኖር እንደሚችል ደረሰበት፤ በ1833 በዚህ ሣጥን የተላኩ ተክሎች ከእንግሊዝ ሲድኒ በሕይወት ገቡ። ለመርከብ መፍትሔ ተገኘ። ለዐውደ ርእይ ግን አልተገኘም፤ ሰው ዛፉን በአካል፣ ያለ መስታወት ማየት ይፈልጋልና። ጃፓኖች ቦንሳይን እንደ 1878ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ባሉ ስብሰባዎች ላይ ሲያቀርቡ፣ ከዛፉ ጋር ማጠጣት የሚያውቅ ሰው መላክ ነበረባቸው።

ጥበቡን ከሥዕል እኩል ያስቀመጠው ቀን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። «ቦንሳይ» የተባለ መጽሔት ያዘጋጅ የነበረው ኖሪዮ ኮባያሺና ባልንጀሮቹ ታግለው ዛፎቻቸውን በቶኪዮ የኡኤኖ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አስገቡ። «ኮኩፉ» የሚባለው ይህ ትርኢት ዛሬም በየዓመቱ ይደረጋል፤ የሚደረገውም በፌብሩዋሪ ነው። ለምን በብርድ? ዛፎቹ በዚያ ወቅት በክረምት እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ የሚጠጡት ጥቂት ነው። ጃፓኖች የትርኢታቸውን ቀን የቆረጡት ለዛፉም እንዲመች አድርገው ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ አሶሳ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ከጃፓን 53 ቦንሳይ በስጦታ ደረሳት፤ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ማእከልም ለሕዝብ ቀረበ። ከመካከላቸው ማሳደግ የተጀመረው በ1625 እንደሆነ የሚነገርለት ነጭ ጥድ ይገኛል። ሰጪው ማሳሩ ያማኪ የሂሮሺማ ሰው ነበሩ። ዛፉ በነሐሴ 1945 የአቶሚክ ቦምብ ከወደቀበት ከሦስት ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ቆሞ መትረፉን አሜሪካኖቹ በይፋ የሰሙት በ2001 የልጅ ልጆቻቸው ሊጎበኙት ሲመጡ ነው። ሰው ስለ ቦምቡ ይደነቃል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ሌላ ሒሳብ ሠራሁ። 400 ዓመት ማለት ከ146 ሺሕ ቀን በላይ ነው። ቦምቡ የአንድ ቀን ፈተና ነበር። የቀሩት ቀኖች ግን እያንዳንዳቸው «ዛሬስ ጠምቶት ይሆን?» ብሎ የሚያይ ሰው ይፈልጉ ነበር።

በጃንዋሪ 2019 በጃፓን ሳይታማ ግዛት ከአንድ ቤተሰብ ግቢ ሰባት ቦንሳይ ተሰረቁ፤ አንዱ 400 ዓመት የሆነው ጥድ ነበር። ባለቤቲቱ ለሌቦቹ በይፋ ባስተላለፉት መልእክት የለመኑት ዛፎቹ ውኃ እንዲጠጡላቸው ነው፤ ያ ዛፍ ውኃ ሳያገኝ ሳምንት አይዘልቅም ነበርና። ባለዛፍና ሌባ በአንድ ጉዳይ እንዲስማሙ የተለመነበት አጋጣሚ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ጃፓንን በአድናቆት ያየችበት ዘመን ነበረ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጓል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አበርክተዋል። ሕጉን ከጃፓን ቀድተናል፤ ዛፍን በዕቃ ውስጥ ማኖርን ግን ማንም አላስተማረንም፤ የራሳችን አለን። ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ጦስኙ በዱቄት ወተት ጣሳ፣ በዘይት ቆርቆሮ፣ በተሰነጠቀ ባልዲ ተተክሎ በየደጃፉ አለ። የጣሳው ሥር በሚስማር ይበሳል፤ የእቃ ማለቅለቂያውም ውኃ ይደርሰዋል። አሶሳም እንዲሁ ነው። በቆላው የሚበቅለው ሁመር በሞቃት አገሮች ለቦንሳይ ከሚመረጡት ዛፎች አንዱ መሆኑን ስሰማ፣ ሙያው ከደጃችን እንዳልራቀ ተሰምቶኛል።

አሁን ኮኩፉን እናስታውስ። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዝናቧ አንድ ወቅት ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ይደርቃል። ችግኝ የሚተከለው በክረምት ነው፤ ሰማዩ ራሱ ያጠጣል። ትርኢቱ፣ ባዛሩና በዓሉ ግን በበጋ ነው፤ ድንኳን የሚተከለው ዝናብ ሲያባራ፣ መንገድ የሚደርቀውም ያን ጊዜ ነውና። የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን የሚከበረው ኅዳር 29 ነው፤ በ2007 ዓ.ም. አስተናጋጇ አሶሳ ነበረች። እንግዲህ ጃፓኖች ዛፋቸውን የሚያሳዩት እንቅልፍ ላይ ሳለ ሲሆን እኛ የምናሳየው በጥማቱ ወራት ነው። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ የአየሩ ጠባይ ያመጣው ነው። ግን ውኃ አጠጪው ከጃፓኑ ባልደረባው ይበልጥ እዚህ ያስፈልጋል ማለት ነው።

አሶሳ ውስጥ በደጃፋቸው ችግኝ እያፈሉ የሚሸጡ አንዲት እናት አውቃለሁ። በልጅነታቸው፣ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን፣ ከወሎ በሠፈራ ከመጡት ናቸው። ማንጎ ያዳቅላሉ፤ ሎሚ፣ ዘይቱን፣ የሽመል ቡቃያም አላቸው፤ ሁሉም በጣሳና በፕላስቲክ ከረጢት። አንድ ቀን «እትዬ፣ ማጠጫ ሰዓትዎ መቼ ነው?» አልኳቸው።

«አብሽር ወንድሜ፣ እኔ ሰዓት አላውቅም» አሉኝ። «ጣሳውን ብድግ አደርገዋለሁ። ከከበደኝ ጠጥቷል፤ ከቀለለኝ ጠምቶታል።»

የኡኤኖው ባለሙያ ገበታውን ብድግ እንደሚያደርገው መሆኑ ነው። ሦስት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት እኝህ ሴት ድርቅ በሚባል ትምህርት ቤት ጨርሰውታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ችግኞቻቸውን ገዝቶ ለትርኢት አቀረበ። እኔም ለማየት ሄድኩ። የመክፈቻው ዕለት ያማረ ነበር፤ ሪባን ተቆረጠ፣ የክብር እንግዳው ንግግር አደረጉ፣ ፎቶግራፍ ተነሡ። በየችግኙ ሥር ካርድ ነበረ፤ ካርዱ ላይ የተክሉ ስም በአማርኛና በሳይንስ፣ ከዚያም የመሥሪያ ቤቱ ስም። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ድንኳኑ ተቆለፈ። ሴትዮዋ ጀሪካናቸውን ይዘው ቢመጡ በር ላይ «ባጅ የለዎትም» ተብለው ተመለሱ። ዘበኛው አልተሳሳተም፤ ስማቸው በዝርዝሩ የለም። ሸራው ፀሐዩን ሰብስቦ ውስጡን እንደ ምድጃ አሞቀው። ሰኞ ጠዋት ስንገባ የማንጎዎቹ ለጋ ቅጠሎች ተሰብስበው ተንጠልጥለዋል። አንድ ወጣት በጥድፊያ በጆግ ውኃ ቅጠል ቅጠላቸውን ረጨ፤ ውኃው ካርዶቹን አርሶ ቀለማቸውን አፈሰሰው። አፈሩ ከመድረቁ የተነሣ ከከረጢቱ ጠርዝ ለቆ ነበርና የተጨመረው ውኃ በጎን ወርዶ ምንጣፉን አጨቀየ፤ ሥሩን አልነካም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ሴትዮዋ በመጨረሻ ሲገቡ ማንንም አልወቀሱም። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አንሥተው ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነከሩ፤ አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም ጠበቁ፤ ከዚያ ከድንኳኑ ጀርባ ጥላ ሥር ደረደሯቸው። ከግማሽ የሚበልጡት ዳኑ። የቀሩት ከነካርዳቸው ተጣሉ።

በዚያው ክልል፣ በጉባ፣ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የተሠራ ነው። በከረጢት ያለች ማንጎ በአንድ ጠዋት የሚበቃት አንድ ጆግ እንኳ አይሞላም። ሁለቱን ለንጽጽር ማቅረቤ ግድቡን ለማሳነስ አይደለም። ውኃ መኖሩ ብቻ ዛፍን አያድንም፤ ውኃውንና ሥሩን የሚያገናኝ እጅ መኖር አለበት ለማለት ነው። ሐትሼፕሱት ዓባይ በደጇ እየፈሰሰ ዛፎቿ በመንገድ ሊደርቁባት ይችሉ ነበር፤ የደረሱት የተሸከማቸው ሰው ስላሰበላቸው ነው።

ስለዚህ ትርኢት ለሚያዘጋጁ ሁሉ የማቀርበው ልመና ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይፈልግም። ሕይወት ያለው ነገር የሚቀርብ ከሆነ የድንኳኑ ቁልፍ አንዱ በአጠጪው እጅ ይሁን። ውኃው ማልዶ፣ ሕዝብ ሳይገባ ይሰጥ። ችግኙ ሦስት ቀን ታይቶ በሌላ ይተካ፤ የወረደውም ጥላ ሥር ይረፍ። ባጅ ሲታተም ለክብር እንግዳው፣ ለጋዜጠኛውና ለአስተናጋጁ እንደሚታተመው ሁሉ አንድ ለአጠጪው ይታተም። ካርዱ ላይ ከሳይንሱ ስም በታች ደግሞ አንድ መስመር ይጨመር፤ «ያሳደጉትና የሚያጠጡት እገሌ» የሚል።

የቻይናው ሠዓሊ ከ1,300 ዓመት በፊት ስሙን ባይጽፍልን መልኩን ሥሎልናል። የእኛ ካርድ ቢያንስ ስሙን ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል? በሚቀጥለው በጋ አሶሳም ይሁን አዲስ አበባ፣ በትርኢት ላይ ለቆመ ተክል ፎቶግራፍ የሚያነሣ አንባቢ ካለ፣ ከማንሣቱ በፊት «ይህን የሚያጠጣው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅልኝ። መልስ የሚሰጥ ከተገኘ ዛፉ እስከ ሰኞ ይደርሳል።